የሚረጋው ዘይት፣ የሚቃጠለው ጫካ

ኬንያ ውስጥ ገበያ ላይ ከሚውለው የምግብ ዘይት አብዛኛው የፓልም ዘይት ነው። እዚህ ካኩማ በየሱቁ በትንሽ በትንሹ እየተቀዳ የሚሸጠውም፣ በሃያ ሊትር ጄሪካን የሚመጣውም፣ ነጭ ሆኖ የሚታሸገው የሚረጋ ቅባትም ባብዛኛው ምንጩ አንድ ነው። ዘይቱ ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በመርከብ ተጭኖ ሞምባሳ ወደብ ይራገፋል፣ በኬንያ ፋብሪካዎች ይጣራል፣ ከዚያም በከባድ መኪና በረሃውን አቋርጦ እኛ ድስት ውስጥ ይገባል።

አገር ቤትም ታሪኩ ያው ነው። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከውጭ ካስገባችው የምግብ ዘይት አብዛኛው ፓልም ሲሆን፣ ሰው በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ተሰልፎ ይወስደው የነበረውም ይኸው ነው። ሕዝቡ ስም ሲያወጣለት "የሚረጋ ዘይት" አለው። ብዙ ሰው ዘይቱ ስለረጋ ብቻ የተበላሸ ወይም ሞራ የተቀላቀለበት እየመሰለው ይጠራጠር ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የፓልም ዘይት በተፈጥሮው ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ዓይነት ቅባት ስለሆነ ብርድ ሲያገኘው ይጠጥራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ረግቶ የሚያድረው ዘይት ካኩማ ሙቀት ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይከርማል። ዘይቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ስለ መርጋቱ ሳይሆን ስለ ዋጋው ነው። ይህ ዘይት ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ መጥቶ እንዴት ከሌላው ሊረክስ ቻለ? እኛ ሳንከፍል የቀረነውን ሒሳብስ ማን ከፈለው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከአፍሪካ ወጥቶ እስያ የከበረ ዛፍ

ፓልም በሆሣዕና በራሳችን ላይ የምናስረው የዘንባባ ዘመድ ነው። የትውልድ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። ከናይጄሪያ እስከ ጊኒ ያሉ ሕዝቦች ፍሬውን ቀቅለውና ወቅጠው ቀይ ዘይት ሲያወጡበት ኖረዋል፤ ዛሬም ያወጡበታል። ወደ እስያ የሄደው በሰው እጅ ነው። በ1848 አራት ችግኞች ጃቫ ደሴት በሚገኘው የቦጎር የዕፅዋት መናፈሻ ተተከሉ። መጀመሪያ የተተከሉት ለጌጥ ያህል ነበር። ሱማትራ ደሴት ላይ በ1911፣ ማሌዥያ ደግሞ በ1917 ለንግድ መተከል ጀመረ። ያም ሆኖ ለብዙ ዘመን የአበባው ብናኝ በሠራተኛ እጅ ካልተነሰነሰ በደንብ አያፈራም ነበር። በ1981 ግን ከካሜሩን አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ ተወስዳ ማሌዥያ ውስጥ ተለቀቀች። ጢንዚዛዋ የሰውን ሥራ ተረከበች፤ ምርቱም አደገ። ዛሬ ከዓለም የፓልም ዘይት ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው ከሁለቱ አገሮች፣ ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ይመጣል።

ለርካሽነቱ ዋናው ምክንያት ዛፉ ራሱ ነው። አንድ ሄክታር ፓልም በዓመት በአማካይ ከ3 እስከ 4 ቶን ዘይት ይሰጣል። አንድ ሄክታር አኩሪ አተር ግን ግማሽ ቶን ቢሰጥ ነው። ሱፍም ከአንድ ቶን በታች ነው። ፓልም በተተከለ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምርና እስከ 25 ዓመት ድረስ ይለቀማል። እንደ ኑግ በየዓመቱ መታረስና መዘራት አያሻውም። ስለዚህ ነጋዴ ቢወደው፣ ድሃም ቢገዛው አይፈረድባቸውም።

ዘይቱ ደግሞ ዘይት ሆኖ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ሳሙና ውስጥ አለ። ብስኩት ውስጥ አለ። ልጆች የሚወዱት ኢንዶሚም የሚጠበሰው በፓልም ዘይት ነው። ፓልም በቤቴ የለም የሚል ሰው ቢኖር አንድ ጊዜ ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ ማየት ይበቃዋል።

ታዲያ ጫካውን ምን አገናኘው?

ፓልም የሚወደው ሙቀትና ዝናብ ከማይለየው አገር ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ አሥር ዲግሪ ያህል ርቀት ውስጥ ካልሆነ በደንብ አያድግም። ችግሩ፣ በዓለም ላይ የቀረው ትልቁ የዝናብ ደንም ያለው እዚያው ቀበቶ ላይ መሆኑ ነው። ሁለቱ አንድ መሬት ይፈልጋሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። የፓልም ፍሬ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ቀን፣ ግፋ ቢል በሁለት ቀን ውስጥ መጨመቅ አለበት። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ ይኮመጥጣል። እንደ እህል ጎተራ አስቀምጠህ ገበያ ሲወደድ አትሸጠውም። ስለዚህ መጭመቂያው ፋብሪካ እርሻው መሐል መተከል አለበት፤ ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታም በዙሪያው በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ፓልም ሊኖር ይገባል። ለዚህ ነው ጫካው እንደ ገበሬ ማሳ ጥግ ጥጉን ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሰፊው የሚመነጠረው። ለዚያውም አንዳንዱ ኩባንያ መጀመሪያ ግንዱን ቆርጦ ይሸጥና በዚያው ገንዘብ ፓልሙን ይተክላል። ጫካው ለራሱ መጥፊያ ገንዘብ አዋጣ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የረግረግ መሬት ጉዳይ ነው። በሱማትራና በቦርኒዮ ደሴቶች ቆላ ላይ፣ በሺህ ዓመታት ውስጥ የወደቀ ቅጠልና ግንድ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሳይበሰብስ የተከመረበት መሬት አለ። ጥልቀቱ አንዳንድ ቦታ ከአሥር ሜትር ያልፋል። ውኃው እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም። ፓልም ለመትከል ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ሲፈስ ግን አፈሩ ይደርቃል፤ የደረቀ አፈር ደግሞ እንደ ኩበት ነው። አንዴ እሳት ከያዘው ከላይ የጠፋ መስሎ ከሥር ከሥሩ ለሳምንታት ይጨሳል።

የ2015 ጭስ

ይህ በ2015 በግልጽ ታየ። ያ ዓመት ድርቅ ነበረበት። ኢንዶኔዥያ ውስጥ መሬት ለማጽዳት ተብሎ የተለኮሰው እሳት ከእጅ አመለጠና በጥቂት ወራት ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል አቃጠለ። እሳቱ የተነሣው በፓልም እርሻ ብቻ አልነበረም፤ የወረቀት እንጨት የሚተክሉ ኩባንያዎችና ለትንሽ ማሳቸው እሳት የለኮሱ ገበሬዎችም ነበሩበት። ጭሱ ባሕር ተሻግሮ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ሸፈነ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው በመተንፈሻ አካል ሕመም ተያዘ። የዓለም ባንክ በኢንዶኔዥያ ላይ የደረሰውን ኪሣራ 16 ቢሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ በጄሪካኑ ዋጋ ላይ አልተጻፈም።

እንስሳቱም አሉ። በማላይ ቋንቋ ኦራንጉታን ማለት "የጫካ ሰው" ማለት ነው። ስሙ እንደሚለው ኑሮው ሁሉ ዛፍ ላይ ነው። እናቲቱ በሰባት በስምንት ዓመት አንዴ ብትወልድ ነውና ቁጥራቸው ካነሰ በቀላሉ አይተካም። በ2018 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ብቻ ቦርኒዮ ላይ ከ100,000 በላይ ኦራንጉታን ጠፍቷል። አንዳንዱ ጫካው ሲመነጠር፣ አንዳንዱ በአዳኝ እጅ፣ አንዳንዱም ርቦት እርሻ ሲገባ ተገድሎ ነው። ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ እንደሚባለው፣ ከጫካው ጋር የተገኘ ሁሉ አብሮ ይወቀጣል።

ቅርባችን ያለው ምሳሌ፦ ካላንጋላ

ነገሩ የእስያ ብቻ የሚመስለው ካለ ኡጋንዳን ይመልከት። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከሚገኙት የሴሴ ደሴቶች ትልቁ ቡጋላ ይባላል፤ አውራጃው ካላንጋላ ነው። የኡጋንዳ መንግሥት ከዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድና ከግል ኩባንያ ጋር ሆኖ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ፓልም አስተከለ። እርሻው 10,000 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛው የኩባንያው፣ ቀሪው የአነስተኛ ገበሬዎች ነው።

ስለ ካላንጋላ ሁለት ዓይነት ወሬ ትሰማላችሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ማሳ የነበራቸውና ፓልም የተከሉ ገበሬዎች ተጠቅመዋል። ፓልም ዓመቱን ሙሉ ስለሚለቀም እንደ ደመወዝተኛ በየወሩ ገንዘብ ያገኛሉ። ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ብዙ ነው። ዓሣው እየተመናመነ በሄደበት ደሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ግን ሰፊ ደን ተመንጥሯል። ከሐይቁ ዳር 200 ሜትር ድረስ ሳይነካ እንዲቀር የኡጋንዳ ደንብ ቢያዝም አንዳንድ ቦታ ፓልሙ እስከ ዳር ደርሷል። መሬቱን ሲጠቀምበት የኖረ ነገር ግን ወረቀት ያልነበረው ገበሬም ማሳው ሲወሰድ ቆሞ ከማየት ሌላ ምርጫ አጣ፤ ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱም አሉ።

ዛፉ አንድ፣ ደሴቷም አንድ። አንዱን ያበለጸገው ሌላውን ያፈናቀለው ለምንድነው? መልሱ ዛፉ ላይ የለም። መልሱ ያለው የት ተተከለ፣ ማንስ ተጠየቀ የሚለው ላይ ነው።

"እንተወው" ብንልስ?

አውሮፓ ውስጥ ፓልም ያለበትን ነገር አንገዛም የሚሉ ሰዎች አሉ። አሳባቸው ጥሩ ነው። ግን እኮ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። ዓለም ከሚጠቀምበት የአትክልት ዘይት ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ፓልም ይሸፍናል፤ የያዘው መሬት ግን ለዘይት ሰብል ከዋለው መሬት ከመቶ አሥር እጅ አይሞላም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ ፓልም ቀርቶ ያንኑ ያህል ዘይት ከሌሎች ሰብሎች ይገኝ ቢባል እስከ ዘጠኝ እጥፍ የሚደርስ መሬት እንደሚፈልግ አስልቷል። ያ መሬት ከየት ይመጣል? ከደቡብ አሜሪካ ጫካና ሣር ምድር ነዋ! አኩሪ አተር እዚያም ደን አስመንጥሯል።

ለድሃ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ የሱፍ ዘይት ከገበያ ሲጠፋ፣ ኢንዶኔዥያ በበኩሏ የራሷ ሕዝብ ዘይት ተወደደብኝ ስላለ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፓልም ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። እገዳው ከአንድ ወር ያነሰ ነበር የቆየው። በዚያን ጊዜ የዘይት ዋጋ ከናይሮቢ እስከ አዲስ አበባ ምን እንደሆነ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጃካርታ የተወሰነ ውሳኔ እኛ ምጣድ ላይ ወዲያው ይታያል። እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ያለን እናት "ፓልም አትግዢ" ማለት በረሃብተኛ ላይ መቀለድ ነው።

የአገራችን ኑግስ? ኑግ የኢትዮጵያ የገዛ ራሷ እህል ነው፤ መገኛው እዚያው ነው። ዘይቱም ለጤና ከፓልም ይሻላል። ነገር ግን ምርቱ ትንሽ፣ ዋጋው ውድ ነው። ርካሹ ፓልም ገበያውን ሲሞላው ደግሞ ኑግ ዘሪውና ትንንሹ የዘይት መጭመቂያ ተጎዱ። ፓልምን ሙሉ በሙሉ ይተካል ባይባልም፣ ኑግን፣ ሰሊጥንና ሱፍን ማሻሻል ከአንድ ባሕር ማዶ ከመንጠልጠል ያድናል።

የተሠራ ሥራም አለ

ነገሩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። በ2004 አምራቾች፣ ነጋዴዎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች አንድ ላይ ሆነው ለፓልም የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማኅበር አቋቋሙ። ደንቡ ነባር ደን እንዳይነካ፣ የአካባቢው ሰው ሳይስማማ መሬቱ እንዳይወሰድ ይላል። አፈጻጸሙ ብዙ ይወቀሳል፤ ቢሆንም መጠየቂያ ሆኗል። ኢንዶኔዥያ በ2011 በነባር ደንና በረግረግ መሬት ላይ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቁማ በ2019 እገዳውን ቋሚ አደረገችው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ደን ተመንጥሮ የተመረተ ፓልም፣ ቡናና ኮኮዋ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አጽድቋል፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ሲራዘም ቆይቷል። ከ2012 በኋላ ባሉት ዓመታት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለፓልም ተብሎ የሚመነጠረው ደን በብዙ ቀንሷል። ሰው ከተቆጣጠረ ይቻላል ማለት ነው።

ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ2013 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበትን ጫካ "የመንግሥት ደን ነው" እያለ ለኩባንያ ይሰጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በባሕላቸው ሲጠብቁት የኖሩት ደን የመንግሥት ሳይሆን የእነሱ ነው አለ። ፍርዱን መሬት ላይ ማውረዱ ዘገምተኛ ነው። ሆኖም ጫካ ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት አለመሆኑ በሕግ ታወቀ።

እዚህስ ጫካው የማነው?

ይህ የመጨረሻው ነገር እኛንም ይመለከታል። ካኩማ ዙሪያ ጫካ ባይኖርም በወንዝ ዳር ግራር አለ። እኛ በረሃ ስለሆነ ብቻ ባለቤት የሌለው ይመስለናል። በቱርካና ባሕል ግን በወንዝ ዳር ያለ ዛፍ ባለቤት አለው። ሥርዓቱን ኤክዋር ይሉታል። አንድ ቤተሰብ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ያለውን ግራር ይጠብቃል፤ በድርቅ ጊዜ ፍየሎቹ የሚተርፉት ከዛፉ በሚረግፈው ፍሬ ነው። ሌላው ሰው ሳያስፈቅድ አይቆርጥም።

ከ1992 ጀምሮ ካምፑ ሲሰፋ፣ በስደተኛውና በአካባቢው ሕዝብ መካከል ለተነሣው ጠብ አንዱ ምክንያት ማገዶ ነው። እንጨት ፍለጋ የወጡ ሴቶች ተደብድበዋል፣ ከዚያ የከፋም ደርሶባቸዋል። ለዚያ ግፍ ምንም ምክንያት አይቆምለትም። የፍየሎቹን መኖ ቆርጠን ስንሸከም ያየ ቱርካናም ግን፣ ቡልዶዘር ወደ ጫካው ሲገባ ያየ የቦርኒዮ ሰው የተሰማው ስሜት ተሰምቶታል። ልዩነቱ የመጠን ነው። ሁለቱም ጋ የጠፋው "ይህ የማነው?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ዘይት እንቀንስ። እኛ ሐበሾች ወጥ ላይ ዘይት ካልዋኘ የተሠራ አይመስለንም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ቅባት ስለሆነ ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል፤ ይህ ለልብና ለደም ሥር ጥሩ አይደለም። ሽንኩርቱን በትንሽ ውኃ አቁላልቶ ዘይቱን ኋላ ጠብ ማድረግ ይቻላል። ኪስም፣ ልብም፣ ጫካም በአንዴ ይጠቀማሉ።

ሁለተኛ፣ ሳምቡሳና ብስኩት የምትጠብሱ እህቶችና ወንድሞች፣ የጠቆረና የሚከረፋ ዘይት ደጋግማችሁ አታሙቁ። ይህ የፓልም ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ዘይት ሕግ ነው።

ሦስተኛ፣ ጄሪካኑ ላይ ያለውን እናንብብ። "የአትክልት ዘይት" ብቻ ካለ ምን ዓይነት አትክልት እንደሆነ አልነገረንም። "ፓልም ኦሊን" ካለ ፓልም ነው። በራሽን ዘይት ሲታደልም ጣሳው ላይ ዓይነቱ ተጽፏል፤ ቫይታሚን ኤ የተጨመረበት ስለሆነ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ይጠቅማል። ሸጦ ሌላ ከመግዛት በፊት ይታሰብበት።

አራተኛ፣ ማገዶን በሚመለከት፣ እርጥብ ግራር አንቁረጥ፤ ከቱርካናዋ ሻጭ ስንገዛም ደረቅ እንጨት እንምረጥ። ቆጣቢ ምድጃ ያለው ይጠቀምበት፣ የሌለው በጭቃ መሥራት የሚያውቅ ጎረቤት አያጣም።

አምስተኛውን ለመምህራን ጓደኞቼ ልተወው። ልጆቻችን የምድር ወገብን በካርታ ላይ አስምረው ያውቃሉ። መስመሩን ይዘው ከኬንያ ወደ ምሥራቅ ውቅያኖሱን ይሻገሩ። ጣታቸው ሱማትራና ቦርኒዮ ላይ ያርፋል። ማታ እናታቸው ሽንኩርት ያቁላላችበት ዘይት ከዚያ እንደመጣ ንገሯቸው፤ ቀጥሎ የሚጠይቁትን ጥያቄ እነሱ ራሳቸው ያውቁታል።